ፈላጊ ያጣችው ግዌን

ባላራት፣ አውስትራሊያ
ፌብሩዋሪ 6 ቀን 1962

ለተከበሩ ለአቶ ግዊሊም ሞሪስ፣

ከባሕር ማዶ የማያውቁት ሰው ሰላምታ ሲያቀርብልዎ እንዳይደነግጡ። ይህ ወረቀት እርስዎንም በጎችዎንም በጤና እንዲያገኛችሁ እመኛለሁ። እኔ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ከሙቀቱ በቀር የሚያማርረኝ የለም። ስሜ ኢኒድ ፒው ይባላል። ሃምሳ ዘጠኝ ዓመቴ ነው፤ እስካለፈው ዓመት መጨረሻ ድረስ አስተማሪ ነበርኩ። አሁን ጡረታ ስለወጣሁ ሰው የማስቸግርበት ጊዜ ሞልቶኛል።

እርስዎን የጠቆሙኝ የጸሎት ቤታችሁ አገልጋይ ናቸው። «የመቃብሩን ነገር ከበግ አርቢው ከግዊሊም የበለጠ የሚያውቅ የለም፤ አርባ ዓመት የቆፈረው እሱ ነው» ብለው ጻፉልኝ።

አያቴ ሉዊስ በ1854 ከእናንተ ሸለቆ፣ ከኩም ብሩዊን፣ ለወርቅ ቁፋሮ ወደዚህ መጣ። ወርቁን ሌላ ሰው አገኘው፤ እሱ ጉድጓዱ ደረሰው። ችግሬ ስሙ ነው። የጥምቀት መዝገቡ «ሉዊስ፣ የሂው ልጅ» ይለዋል። የመርከቡ ጸሐፊ ሂውዝ አለው። የማዕድኑ ጸሐፊ ደግሞ ፒው አለው። ሁለቱም ያው የሂው ልጅ ማለት ነው፤ ለቀባሪው አረዱት እንዳይሆንብኝ እንጂ ይህን እርስዎ ከእኔ ይበልጥ ያውቁታል።

የምፈልገው እናቱን ነው፤ ግዌን ትባላለች። ልጇን ሸኝታ እዚያው እንደቀረች፣ እዚያው እንደተቀበረች ነው የሰማሁት። የግዌን ፒው ወይም የግዌን ሂውዝ መቃብር እርስዎ ዘንድ ይኖር ይሆን? ፎቶግራፍ ባይገኝ እንኳ ድንጋዩ ላይ የተጻፈውን ገልብጠው ቢልኩልኝ ይበቃኛል። አባቴ ሊሞት ሲል «እዚያ ሰው አለን» ብሎኝ ነበር፤ ማን እንደሆነ ግን አልነገረኝም። እኔ ባል የለኝ፣ ልጅ የለኝ። እዚህ ያለው የፒው ዘር በእኔ ያበቃል፤ ሳያበቃ ከየት እንደጀመረ ባውቅ ደስ ይለኛል።

በአክብሮት፣
ኢኒድ ፒው


ሀቮድ ዌን፣ ኩም ብሩዊን
ማርች 2 ቀን 1962

ለተከበሩ ለወይዘሪት ኢኒድ ፒው፣

ሰላም ለእርስዎ ይሁን። ደብዳቤዎ ደርሶኛል። እኔ ደህና ነኝ። በጎቹም ደህና ናቸው። ዝናብ ነው።

መዝገቡን አየሁት፤ ድንጋዮቹንም አንድ በአንድ ዞርኳቸው። ግዌን ፒው የለችም። ግዌን ሂውዝም የለችም።

በእኛ አገር ሰውን በስሙ መፈለግ በወንፊት ውሃ መቅዳት ነው። አባት አንድ ስም፣ ልጅ ሌላ ስም፣ የልጁ ልጅ ደግሞ ሌላ። እኛ ሰው የምናውቀው በቤቱ ወይም በሥራው ነው። መንደር ገብተው ግዊሊም ሞሪስ የታለ ቢሉ ግማሹ ሰው ማነው እሱ ይላል፤ ግዊሊም አካፋ ካሉ ግን ውሻውም ወደ ቤቴ ይመራዎታል።

በከንቱ እንዳይደክሙ ብዬ ነው።

ግዊሊም ሞሪስ


ባላራት
ማርች 27 ቀን 1962

ለተከበሩ ለአቶ ግዊሊም፣

እንደምን ሰነበቱ? ለመልስዎ አመሰግናለሁ፤ አጭር ቢሆንም።

ግን ልቆጣዎት ነው። ትናንት በጸሎት ቤታችን የመጣውን የአገር ቤት ጋዜጣ ሳነብ ምን አገኘሁ? ከድንበራችሁ ማዶ ያለ አንድ የእንግሊዝ ከተማ የሚጠጣው ውሃ ጠፍቶት ኩም ብሩዊንን ሊገድብ ነው። ጸሎት ቤቱ፣ ትምህርት ቤቱ፣ አሥራ አንድ ቤት፣ መቃብሩም ጭምር ከውሃ በታች ሊውል ነው። ዘመድ የፈረመለት ሙት ወደ ኮረብታው አዲስ መቃብር ይወሰዳል፤ ያልተፈረመለት ላዩ ላይ ሲሚንቶ ይፈስበታል። እርስዎ ግን «ዝናብ ነው» ብለው ጻፉልኝ! ከዝናቡ ቀጥሎ የሚመጣውን ውሃ ረሱት?

ይቅርታ። አስተማሪ ጡረታ ቢወጣም መቆጣቱን አይተውም።

ጥፋቱ ደግሞ የራሴ ነው። ሴት በባሏ ስም ትጠራለች ብዬ የእንግሊዝን ልማድ ይዤ ነበር የምፈልገው። የድሮ ሴቶቻችን ቢያገቡም ቢወልዱም በአባታቸው ስም እንደሚቀበሩ ዘንግቼው። የአክስቴን ማስታወሻ ደብተር ሳገላብጥ «አያቴ ግዌን፣ የቱዱር ልጅ» የሚል አገኘሁ። እንግዲህ እንደገና ልጠይቅዎ፦ ግዌን ቱዱር የምትባል አለች?

ካለች እኔ እፈርምላታለሁ። መቶ ዓመት ፈላጊ ያጣች ሴት፣ አሁን ፈላጊ ስታገኝ ውሃ ሊበላት አይገባም።

መልስዎን በጉጉት የምጠብቅ፣
ኢኒድ ፒው


ባላራት
ጁላይ 9 ቀን 1962

ለተከበሩ ለአቶ ግዊሊም፣

በጤና አሉ? ሦስት ወር ከአሥራ ሁለት ቀን ሆነ። አስቀይሜዎት ከሆነ ይቅር ይበሉኝ። ታመው ከሆነም በሰው እጅ አንድ መስመር ይላኩልኝ። እዚህ ክረምት ነው፤ የፖስታ አመላላሹ በደጄ ሲያልፍ በመስኮት አየዋለሁ፤ እሱም ማየቴን ስላወቀ ከሩቅ ራሱን ይነቀንቅልኛል።

ኢኒድ


ሀቮድ ዌን
ኦገስት 1 ቀን 1962

ለተከበሩ ለወይዘሪት ኢኒድ፣

ሰላም ለቤትዎ። አላስቀየሙኝም፣ አልታመምኩምም። ልጽፍ እቀመጣለሁ፣ ሻዩ ይቀዘቅዛል፣ እነሳለሁ። እንዲህ ሲባል ጊዜው ሄደ።

ግዌን ቱዱር አለች። ከሰሜኑ ግንብ ሥር ናት። ድንጋይዋ «ግዌን ቱዱር፣ 1859፣ በ61 ዓመቷ» ይላል፤ ሌላ ቃል የለበትም። ባልም ልጅም ስላልተጻፈ የመንደሩ ሰው ከሌላ አገር የመጣች ገረድ ናት ይላል። በመጀመሪያው ደብዳቤዎ ጊዜም መኖሯን አውቅ ነበር። ፒው ብለው ስለጠየቁኝ ፒው የለችም አልኩ። ውሸት አይደለም፤ እውነትም አይደለም።

ባለቤቴ ሌይሳ ባለፈው ኖቬምበር አረፈች። እሷ አስቀድማ ከኮረብታው ላይ፣ ከአዲሱ መቃብር ተቀብራለች። እኔው ቆፈርኩላት። ከዚያ ወዲህ ምንም አይሰማኝም፤ ሐዘኑም ቢሆን። ሰዎች ግድቡን ሲቃወሙ እሰማለሁ፣ ሲያለቅሱም አያለሁ። መኪኖቹ ኮረብታውን ሲቆርሱት ቆሜ እመለከታለሁ። አንዱም ወደ ውስጥ አይገባም። በጎቹን በሰዓታቸው እመግባለሁ፤ እኔም በሰዓቴ እበላለሁ።

በዚህ አገር በሆሳዕና እሁድ እያንዳንዱ ቤት የሙታኑን መቃብር ያጸዳል፣ ድንጋዩን ኖራ ይቀባል፣ አበባ ያለብሳል። ሌይሳ የእኛን ስትጨርስ በየዓመቱ ለግዌን ቱዱርም አንድ እቅፍ ቢጫ አበባ ታስቀምጥ ነበር። «ምስኪን፣ ሰው የላትም» ትላለች። ዘንድሮ አበባውን እኔ ይዤ ሄድኩ። ከግንቡ ሥር ስደርስ ማጎንበስ አቃተኝና ቆሜ ቆየሁ፤ ከዚያ አበባውን ይዤው ተመለስኩ።

ምዝገባው ሴፕቴምበር 30 ይዘጋል። እባክዎ ይተዉአት። መቶ ሦስት ዓመት ተኝታለች። የሞተ ሰው ውሃ አይበርደውም።

ግዊሊም ሞሪስ


ባላራት
ኦገስት 20 ቀን 1962

ለተከበሩ ለአቶ ግዊሊም፣

እግዚአብሔር ያጽናዎት። የሌይሳን ማረፍ ሳላውቅ ስጨቀጭቅዎ መክረሜ አሳፍሮኛል። ለማያውቋት ሴት አበባ የምታስቀምጥ ሰው ነበረች፤ ባውቃት ኖሮ እወዳት ነበር።

ነገር ግን አልተዋትም። ለምን እንደሆነ ይስሙ።

አባቴ ሲሞት ወረቀቶቹን ለጸሎት ቤታችን ሰጥተን ነበር። ሁለት ሳምንት ሙሉ ዕቃ ቤት ገብቼ ከአይጥ ጋር ስታገል ከረምኩ። በመጨረሻ ለአያቴ ለሉዊስ የተጻፈ ደብዳቤ አገኘሁ። እንዲህ ይላል፦

«ወንድሜ ሉዊስ፣ እናታችንን ከሰሜኑ ግንብ ሥር አሳረፍኳት። ድንጋዩ ላይ የአባቷን ስም አስጻፍኩ። አባታችን የሞተው ከብት ሲነዳ በእንግሊዝ አገር ነው፤ አጠገቧ የማይተኛ ሰው ስም ምን ያደርግላታል? እሷ ባረፈች በአሥረኛው ቀን ሚስቴ ወንድ ልጅ ወለደች፤ ዳቪድ ብለነዋል። ወንድምህ ሞሪስ፣ የሂው ልጅ። ሀቮድ ዌን፣ 1859።»

ሀቮድ ዌን! የት ነው የማውቀው እያልኩ ግማሽ ቀን ቤቱን ስዞር ዋልኩ። ለካ የቤትዎ ስም ነው፤ ከደብዳቤዎችዎ ራስ ላይ ይጽፉታል።

አሁን አንድ ጥያቄ ብቻ ልጠይቅዎ፤ የአስተማሪ ጥያቄ ነው፣ መልሱን ይዤ ነው የምጠይቅዎ። አባትዎ ማን ይባሉ ነበር? ዳቪድ ሞሪስ ከሆኑ፣ የሞሪስ ልጅ ማለት ነው፤ እኛም የሁለት ወንድማማቾች የልጅ ልጆች ነን፣ ግዌንም ለሁለታችን ቅድመ አያት ናት። እንደዚያ ከሆነ ይህ አንቱታ ይብቃን።

የደብዳቤውን ዋናውን ልኬልሃለሁ። ዳኛ ፊት የፈረምኩት ቃሌም አብሮ አለ። አንተም ፈርም።

ኢኒድ


ሀቮድ ዌን
ሴፕቴምበር 12 ቀን 1962

እህቴ ኢኒድ፣

ሰላምሽ ይብዛ። አባቴ ዳቪድ ሞሪስ ነው። ገና በሦስት ዓመቱ አባቱን የድንጋይ መፍለጫው ቦታ ስለበላበት ስለ ዘመዶቹ የሚነግረው ሰው አላገኘም። እሱም እኔን የነገረኝ የለም። የዚህን ቤት ደብዳቤ ከአውስትራሊያ ተልኮልኝ፣ በዚሁ ቤት ጠረጴዛ ላይ አነበብኩት።

ሰኞ የውሃ ሰዎች ጽሕፈት ቤት ሄድኩ። ሰልፍ ነበር። ጸሐፊው እንግሊዛዊ ነው፤ ክፉ ሰው አይደለም፣ ግን ሁሉ ነገር ግራ ገብቶታል። ወረቀቶቹን ደርድሮ አያቸውና፦

«ሚስተር ሞሪስ፣ እርስዎ ሞሪስ ነዎት።»

«አዎ።»

«ሟቿ ቱዱር ናት። የአውስትራሊያዋ ሴት ፒው ናት። ደብዳቤውን የጻፈው ደግሞ የሂው ልጅ ነኝ ይላል። አራት ሰው፣ አራት ስም! ምንድነው የሚያገናኛችሁ?»

«እናት ናታ!» አለ ከኋላዬ የተሰለፈው ኤሙር፣ ባለ ወፍጮው። «አንተን እናትህ ስትወልድህ ስምህን አንብባ ነው እንዴ?»

ሰው ሁሉ ሳቀ። ጸሐፊው ፊቱ ቀላ፤ ግን እሱም ሳቅ እያለ፣ «በዚህ ዓይነት እርስ በርሳችሁ እንዴት ትተዋወቃላችሁ?» አለ።

«አንተዋወቅም» አለው ኤሙር። «ተስማምተን የኖርነው ለዚህ ነው።»

ብቻ ደብዳቤውን ሁለት ጊዜ አነበበና ማኅተሙን መታልኝ። ከዚያ የመጨረሻውን መስመር አሳየኝ፦ በመቃብሩ ውስጥ ያሉ አስከሬኖች ብዛት። «አንድ ነው አይደል?» አለኝ ብዕሩን እየሰጠኝ። እኔ ግን ወረቀቱን አጥፌ፣ በኋላ አመጣዋለሁ ብዬ ወጣሁ።

ኢኒድ፣ ለማንም ያልነገርኩትን ልንገርሽ።

በ1924 ሌይሳ ሦስት ቀን አምጣ ሴት ልጅ ወለደች። ልጅቷ አልተነፈሰችም። በዚያን ጊዜ ሳይተነፍስ የተወለደ ልጅ መዝገብ አይገባም፣ ስም አይወጣለትም፣ የራሱ መሬትም አይሰጠውም። መቃብር ቆፋሪው ይዞት ይሄድና ከአንዷ ሴት እግር ሥር ያስቀምጠዋል፤ ብቻውን እንዳይሆን ነው። የሴትዮዋን ዘመዶች አስፈቅዶ ማለት ነው። ለጎረቤቶቼ ስንቴ አድርጌዋለሁ። ለራሴ ሲሆን ግን ማንንም ማስፈቀድ አልቻልኩም፤ አፌ እሺ አላለኝም። ስለዚህ ጠያቂ የሌላትን መረጥኩ።

ሳንቃ አልነበረኝም። የጓዳውን ቁምሳጥን በር ነቅዬ ሳጥን ሠራሁላት። ሌይሳ ከአልጋዋ ስትነሳ ቁምሳጥኑን አየችው። በሳምንቱ መጋረጃ ሰፍታ ሰቀለችበት። ሠላሳ ሰባት ዓመት ሙሉ በሩ የት ሄደ ብላ አንድም ቀን አልጠየቀችኝም። በየሆሳዕናው ግን አበባውን ይዛ ወደ ግንቡ ትሄድ ነበር። አውቃ ይሁን ሳታውቅ አላውቅም። እኔም አልጠየቅኋትም። አሁን የሚጠየቅ የለም።

እንግዲህ መቃብሩ ቢከፈት ሳጥኑ ይወጣል። የውሃ ሰዎች ይህስ የማነው ይሉኛል። ለሚስቴ ያልነገርኩትን ለእነሱ ልናገር ነው። ውሃው ቢሸፍናቸው ይሻላል ያልኩሽ ለዚህ ነው። ስለ ግዌን ብዬ አልነበረም፤ ፈርቼ ነው።

ከማላውቃት ሴት እግር ሥር ያስቀመጥኳት መስሎኝ ነበር፤ ለካ ሴትዮዋ ምንዥላቷ፣ የእኔው ቅድመ አያት ናት። ይህን ካወቅሁ ዘጠኝ ቀኔ ነው። ደስ ሊለኝ ይገባል መሰለኝ። ሲሰማኝ እጽፍልሻለሁ።

መስመሩ እስካሁን ባዶ ነው። ግዌን ያንቺም ናት፤ ሳላስፈቅድሽ እግሯ ሥር ሰው አስቀምጫለሁ። እስከ 30 ድረስ ጊዜ አለኝ። ምን ልጻፍ?

ግዊሊም


ቴሌግራም
ከባላራት፣ ሴፕቴምበር 21 ቀን 1962

ሁለት ብለህ ጻፍ። ኢኒድ።


ሀቮድ ዌን
ኖቬምበር 18 ቀን 1962

እህቴ ኢኒድ፣

ሰላምና ጤና ካንቺ ጋር ይሁን። ሁለት ብዬ ጻፍኩ። ጸሐፊው አየኝ፤ የሁለተኛውን ስም ሳይጠይቀኝ ማኅተሙን መታ። እግዚአብሔር ይስጠው።

መቃብሩ የተከፈተው ባለፈው ማክሰኞ ነው። ሠራተኞቹ ዙሪያውን በሸራ ጋረዱት። አለቃቸው «ደንብ ነው፣ ዘመድ ከሸራው ውጭ ይቆማል» አለኝ። አካፋዬን አልለቅም አልኩ። ኤሙር ከግንቡ ላይ ሆኖ «ሰውዬ፣ እዚህ ያሉትን ሁሉ ያስገባቸው እሱ ነው፤ እሱ ካልጠራቸው አይወጡልህም!» ብሎ ጮኸበት። አለቃው ትከሻውን ነቅንቆ መንገዱን ለቀቀልኝ።

ስለ ግዌን ብዙ አልጽፍልሽም። ከሞቱት የሚገኘው ያው ነው። ፀጉሯን ያሰረችበት የቀንድ ማበጠሪያ ግን ነበረ፤ አብሬ መለስኩላት። ሳጥኑ ከእግሯ ሥር፣ እንዳስቀመጥኩት ነበር። ጠንካራ እንጨት ነውና ጥቁር ከመሆን በቀር አልበሰበሰም። የቁምሳጥኑ ማጠፊያ የገባባቸው ሦስት ቀዳዳዎች ይታያሉ። አለቃው ሊያግዘኝ እጁን ዘረጋ፤ አይሆንም አልኩት። ብቻዬን አነሳኋት። አትከብድም። ያን ቀንም አልከበደችኝም።

እርጥቡ እንጨት እጄን አቀዘቀዘው። ሌይሳ ካረፈች ወዲህ የተሰማኝ የመጀመሪያው ነገር ነው። እዚያው ጉድጓዱ ውስጥ ቆሜ አለቀስኩ። ሸራው ተጋርዶ ነበር።

አሁን ከኮረብታው ላይ ናቸው። ግዌንን ከሌይሳ ቀጥሎ አሳረፍኳት። ልጅቷን በሁለቱ መካከል አስቀመጥኳት፤ ወደ ሌይሳ ትንሽ ጠጋ አድርጌ።

ቤቱ በሚቀጥለው ወር ይፈርሳል። ከኤሙር እህት ቤት አንድ ክፍል ተከራይቻለሁ። ብዙውን ዕቃ ሰጠሁት፤ ቁምሳጥኑን ግን ይዤው እሄዳለሁ። አናጺው በር ልግጠምልህ ቢለኝ አይሆንም፣ መጋረጃው ይበቃዋል አልኩት።

ትናንት ድንጋይ ጠራቢው መጣ። ግዌንን እንደ ድሮው፣ ግዌን ቱዱር ብሎ ይቀርጻታል። ከዚያ እርሳሱን ምላሱ ላይ አርሶ፦

«የሕፃኗስ ስም?» አለኝ።

«ስም አላወጣንላትም።»

«እንግዲያው ሞሪስ ብቻ ልበል?»

«የለም፣ እንደ ድሮው አድርገው። የግዊሊምና የሌይሳ ልጅ በል።»

ራሱን ነቀነቀ። «ግዊሊም አካፋ፣ አስብበት እንጂ። አንተ ስትሞት ሞሪስ ተብለህ ነው የምትጻፈው፣ ሚስትህም በራሷ አባት ስም ናት። ከመቶ ዓመት በኋላ መዝገብ የሚያገላብጥ ሰው ይህችን ልጅ ከማን ጋር ያገናኛታል? ትጠፋለች።»

«አትጠፋም» አልኩት። «ፈላጊ ካላት ትገኛለች።»

«ይህንን ደግሞ ከየት አመጣኸው?»

«አውስትራሊያ እህት አለችኝ» አልኩት።

ወንድምሽ ግዊሊም፣
የዳቪድ ልጅ፣ የሞሪስ ልጅ፣ የግዌን ልጅ